ኦሜፕራዞል ከሁለት አንቲባዮቲክ ጋር ለ14 ቀን ታዘዘ፣ ፍልሰታ ደግሞ ደረሰ፤ እንዴት ይወሰድ?

ሚሚ_ከአቶቴ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጠይቀው ለእናቴ ነው፤ 58 ዓመቷ ነው። በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ (ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ) ተገኝቶባት ይህ ታዘዘላት፦

ኦሜፕራዞል 20 ሚ.ግ. ጠዋትና ማታ አንድ አንድ
አሞክሳሲሊን 1 ግራም ጠዋትና ማታ
ክላሪትሮማይሲን 500 ሚ.ግ. ጠዋትና ማታ

ሦስቱም ለ14 ቀን፤ ከዚያ ኦሜፕራዞሉ ብቻ በቀን አንዴ ለ4 ሳምንት።

ሌላ የምትወስደው አምሎዲፒን 5 ሚ.ግ. ለግፊት፣ አቶርቫስታቲን 40 ሚ.ግ. ለኮሌስትሮል፣ ጉልበቷ ሲብስባት ደግሞ ዲክሎፌናክ ነው። ጥያቄዎቼ፦ ፍልሰታ ሊገባ ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምስ ነው የምትጾመው፤ ሰዓቱን እንዴት እናድርገው? እንክብል መዋጥ ይከብዳታል፤ ተከፍቶ ይወሰዳል ወይ? ከዚህ በፊት ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ እየገዛች ከቁርስና ከቡና በኋላ ትወስድ ነበር፣ እምብዛም አልረዳትም፤ ለምን ይሆን? ስትጨርስስ የትኛው ምርመራ ነው የሚያስፈልጋት?


ፋርማሲ_ቤት

ሚሚ፣ ሰዓቱን ከማውራታችን በፊት ከዝርዝሩ መጨረሻ እንጀምር፤ ከሁሉም የሚያሳስበው እሱ ነው።

ዲክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ። የጨጓራን ግድግዳ ከገዛ አሲዱ የሚጠብቀው ንፍጥና የደም ዝውውር የሚታዘዘው ፕሮስታግላንዲን በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ዲክሎፌናክ እሱን ይቀንሰዋል። ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲንም ያው ናቸው። «በመርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም» የሚባለው እውነት አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በደም ዞሮ ነውና በመርፌም በሰፖዚተሪም (በፊንጢጣ በሚገባው) ቢገባ ለውጥ የለውም። ባክቴሪያውና ዲክሎፌናኩ አንድ ላይ ሲሆኑ የመድማት ዕድሉ ከሁለቱ ከእያንዳንዳቸው ይበልጣል። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል 500 ሚ.ግ. ሁለት ሁለት፣ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ይበቃል፤ የጉበት ችግር ካለባቸው ግን መጀመሪያ ይጠየቅ። የሚቀባው ዲክሎፌናክ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ ሐኪማቸው ከፈቀዱ ይቻላል። (ሌላ አንባቢ ካለ፦ ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ግን በራስ ውሳኔ አይቆምም፤ ሐኪም ይጠየቃል።)

ሁለተኛው ክላሪትሮማይሲን ነው። ጉበት ውስጥ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚሰብረውን ኢንዛይም ያግዳል፣ ስለዚህ አብረውት የሚወሰዱት በደም ውስጥ ይከማቻሉ። አቶርቫስታቲን ከክላሪትሮማይሲን ጋር በቀን ከ20 ሚ.ግ. በላይ አይወሰድም፤ እናትሽ 40 ላይ ናቸው። ሲምቫስታቲን ቢሆን ኖሮ ጨርሶ አብሮ አይሄድም። አደጋው የጡንቻ መጎዳት ነው፤ ከባድ የጡንቻ ሕመም ከጠቆረ ሽንት ጋር ከመጣ ቶሎ ወደ ሐኪም። አምሎዲፒኑም ስለሚጠነክር ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ሲነሱ ማዞርና የእግር እብጠት ይታያል። ግፊት መለኪያ ቤት ካለ በእነዚህ 14 ቀናት በየጠዋቱ ይለካ። ሐኪሙ ጋር ደውይና ሁለቱንም በስም ጠቅሰሽ ንገሪ፤ አቶርቫስታቲኑን ለሁለት ሳምንት ማሳረፍ የተለመደ መፍትሔ ነው። ይህ ሁሉ ማዘዣው ላይ ያልተጻፈው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ስላላወቀ ሳይሆን ታካሚው «ሌላ የምወስደው የለም» ስላለ ነው።

አሁን ሰዓቱ። ኦሜፕራዞል ከምግብ በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ፣ በንጹሕ ውኃ። ቀደም ሲል ያልረዳቸውም ከቁርስና ከቡና በኋላ ስለወሰዱት ሳይሆን አይቀርም። የጨጓራ ሴሎች አሲድ የሚረጩበት ፓምፕ አላቸው፤ ኦሜፕራዞል የሚዘጋው ሥራ ላይ ያለውን ፓምፕ ብቻ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን አብዛኞቹ ፓምፖች ተኝተዋል፣ ምግብ ሲገባ ይነሳሉ። መድኃኒቱ ደግሞ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በሰዓት ውስጥ ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ ፓምፑ ሲነሳ መድኃኒቱ ደም ውስጥ መገኘት አለበት። አንዴ የተዘጋ ፓምፕ ግን ተመልሶ አይከፈትም፣ ሴሉ አዲስ እስኪሠራ ይጠበቃል፤ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚበቃው ለዚህ ነው። ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየውም ከ3 እስከ 5 ቀን ሲሞላ ነው። «ሁለት ቀን ወሰድኩት፣ አልሠራም» ብሎ ማቆም ገና ሳይጀምር መተው ነው።

በተለመደ ቀን እንዲህ ይሁን፦ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ኦሜፕራዞል፣ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ቁርስና ከቁርሱ ጋር ሁለቱ አንቲባዮቲኮች፤ ማታም በዚያው ሰዓት እንደዚያው ከራት ጋር። አሞክሳሲሊን ገበያ ላይ በብዛት ያለው 500 ስለሆነ በአንድ ጊዜ ሁለት እንክብል ነው። ስትረከቢ ቁጠሪ፦ አሞክሳሲሊን 56፣ ክላሪትሮማይሲን 28፣ ኦሜፕራዞል ለመጀመሪያው ዙር 28 እና ለቀጣዩ 4 ሳምንት ሌላ 28። የሳምንቱን ብቻ ገዝቶ «ቀሪውን ደሞዝ ሲገባ» ማለት የከፋ ነው፤ መሀል ላይ ሲቋረጥ ደካማው ባክቴሪያ ሞቶ ጠንካራው ይቀራል። ገንዘብ ካልሞላ ሞልቶ እስኪገኝ ማዘግየት ይሻላል።

መዋጥ ለሚከብዳቸው፦ የኦሜፕራዞል እንክብል ተከፍቶ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች በትንሽ የብርቱካን ጭማቂ ወይም በውኃ ተበጥብጠው በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ብርጭቆው በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ታጥቦ እሱም ይጠጣል። ፍሬዎቹ አይታኘኩም፣ አይፈጩም። ሽፋናቸው ከጨጓራ አሲድ ይጠብቃቸዋል፤ ከተሰበረ መድኃኒቱ አንጀት ሳይደርስ ይበላሻል። በወተትና በአምቦ ውኃ አይሁን። ይህ ግን እንክብል ውስጥ ፍሬ ላለው ነው። ፓንቶፕራዞል ክኒን ነው፣ ሳይቆረጥና ሳይሰበር ይዋጣል። አሞክሳሲሊን ለሚያስቸግራቸው ደግሞ በውኃ የሚበጠበጥ ሽሮፕ አለ።


የማታ_ተረኛ

ስለ ጾሙ እኔ ልበል። እስከ 9 ሰዓት ጾሞ ይህን ሕክምና በትክክል መውሰድ አይቻልም። ከ8 ሰዓት ተኩል ቢጀመር ሁለተኛው ዙር ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ይሆናል፤ በሁለቱ መሀል ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ከማታው እስከ ነገው ደግሞ ከ17 ሰዓት በላይ ማለት ነው። አሞክሳሲሊን የሚገድለው መጠኑ በደም ውስጥ በቆየበት ጊዜ ልክ ነው፤ 17 ሰዓት ባዶ ሲሆን ባክቴሪያው ያገግማል።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ የንስሐ አባታቸውን አነጋግረው ለሕመም በሚሰጠው ፈቃድ ጠዋት እየቀመሱ መውሰድ። ምግቡ የጾም ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ፉል ወይም ገንፎ በዘይት ለአንቲባዮቲኩ ይበቃል። (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የሀዋሳ ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው።) ሁለተኛው፣ ሐኪሙ ከተስማማ አንቲባዮቲኩን ከነሐሴ 16 በኋላ መጀመርና እስከዚያ ኦሜፕራዞሉን ብቻ ከ9 ሰዓቱ ምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መውሰድ። ባክቴሪያው ምናልባት ለብዙ ዓመት አብሯቸው የኖረ ነው፤ የሚደማ ቁስለት እስከሌለ ድረስ ሁለት ሳምንት አይገድልም። የማይሆነው ሦስተኛው መንገድ ነው፦ ጀምሮ እያዛነፉ መውሰድ።

ፋርማሲ_ቤት ያላነሳውን አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለፉት ዓመታት ለሳል ወይም ለጉሮሮ አዚትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን ወስደዋል? አዚትሮማይሲን በሦስት ቀን የሚያልቀው ነው፣ በየፋርማሲው ይሸጣል። ከወሰዱ ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንን የለመደ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። እንዲህ ከሆነ ሐኪሙ ከኦሜፕራዞሉ ጋር በቢስመዝ፣ በቴትራሳይክሊንና በሜትሮኒዳዞል የሚሠራውን ባለአራት መድኃኒት ሊመርጥ ይችላል። የአሜሪካ የጨጓራ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይም የባክቴሪያው ልማድ ካልታወቀ ቀድሞ የሚመረጠው ይኸው ባለአራቱ ነው። እዚህ ቢስመዝ እንደልብ ስለማይገኝ ባለሦስቱ መታዘዙ አይገርምም፤ ግን የወሰዱትን መናገር ያስፈልጋል። ፔኒሲሊን ከዚህ በፊት አሳክኳቸው ወይም ከንፈር አሳብጦባቸው ከሆነም አሞክሳሲሊኑ በሜትሮኒዳዞል ይለወጣል፤ ሳይነግሩ አይጀምሩ።

ከጀመሩ በኋላ ምን ይጠበቃል? አፍ ውስጥ የብረት ወይም የመራራ ጣዕም ከክላሪትሮማይሲን ነው፣ አያስፈራም፣ ሲያልቅ ይጠፋል፤ የሎሚ ከረሜላ ይረዳል። ሰገራ መላላት የተለመደ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ የሚያስኬድ ውኃ የሆነ ተቅማጥ ከትኩሳት ወይም ከደም ጋር ከመጣ ግን ይቁምና ሐኪም ይይ። ሽፍታና የፊት እብጠትም እንደዚያው። አንድ ዙር ከተረሳ እንዳስታወሱ ይወሰዳል፤ የሚቀጥለው ከተቃረበ የተረሳው ይዘለላል እንጂ ሁለት ዙር አይደራረብም።

እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ወይም ቡና ዝቃጭ የመሰለ ትውከት፣ በድንገት እንደ ድንጋይ የደረቀ ሆድ፣ ራስን መሳት፦ እነዚህ ሲታዩ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ አዳሬ ሆስፒታልም ሆነ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የብረት ክኒንና ቢስመዝም ሰገራ ያጠቁራሉ፣ ግን እነሱን ሳይወስዱ ከጠቆረ ሌላ ምክንያት አትፈልጊ።


ላብ_ቴክ

ምርመራው ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ እዚህ ላይ ልቁም።

የደም ምርመራው (ጣት ተወግቶም ሆነ ከክንድ ተቀድቶ የሚሠራው) የሚያየው ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀውን አንቲቦዲ ነው። ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። ሕክምና ጨርሶ በደም የተመረመረ ሰው «አልጠፋልህም» ተብሎ ያንኑ መድኃኒት ሁለተኛ ይውጣል። ከሕክምና በኋላ የሚጠቅመው የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን የራሱን አካል የሚያየው) ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። ወረቀቱ ላይ «ኤች ፓይሎሪ» ብቻ ከተጻፈ የሰገራ አንቲጅን መሆኑን አስጽፊ፤ ካልተጻፈ ላቦራቶሪው ያለውን ይሠራል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ከአንቲባዮቲኩ ማለቂያ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ከኦሜፕራዞሉ ማቆም ቢያንስ 2 ሳምንት ማለፍ አለበት። ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ሳያጠፋ ቁጥሩን ስለሚቀንሰው፣ ባክቴሪያው እያለ ምርመራው «የለም» ይላል። በእናትሽ ማዘዣ ሲሰላ 14 ቀን፣ ከዚያ 4 ሳምንት፣ ከዚያ 2 ሳምንት ዕረፍት፤ ማለትም ከጀመሩበት ቀን 8 ሳምንት ሞልቶ ነው። በዕረፍቱ ሁለት ሳምንት ቃር ካስቸገራቸው የሚታኘከው ወይም ሽሮፑ አንታሲድ (አሲድ ማርከሻ) ይቻላል።

ናሙናው ከሽንት ጋር ሳይቀላቀል፣ በደረቅ ንጹሕ ዕቃ፣ የባቄላ ፍሬ ያህል ይበቃል። ጠዋት ወስዶ ወዲያው ማድረስ ነው፤ የሚዘገይ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ እንጂ በሀዋሳ ሙቀት ቦርሳ ውስጥ ተይዞ ግማሽ ቀን አይዋል። ውኃ የሆነ ሰገራ ውጤቱን ስለሚያሳስት ተቅማጥ ካለ ይቆየው።


ሐይቅ_ዳር

ጥያቄውን ሳልጠልፍ፣ ኤች ፓይሎሪ ኔጌቲቭ ሆኖ ቃር ብቻ ያለበት ሰውስ? ኦሜፕራዞል 20 ጠዋት እየተወሰደ ቀን ጥሩ ነው፣ ሌሊት 8 እና 9 ሰዓት ላይ ግን አሲዱ እስከ ጉሮሮ ይመጣል። ሊቆም ሲሞከር ደግሞ ከበፊቱ ይብሳል። ዕድሜ ልክ ነው ማለት ነው?


ፋርማሲ_ቤት

ሐይቅ_ዳር፣ የሌሊት ከሆነ መጀመሪያ መጠን ከመጨመር በፊት ሰዓት ይቀየር፦ ያው አንዱ 20 ከራት በፊት ግማሽ ሰዓት። ካልበቃ ሐኪም ሁለት ጊዜ ሊያደርገው ይችላል። መኝታ ላይ መዋጥ ግን ትርፉ ትንሽ ነው፤ ከኋላው ምግብ ስለማይከተል ፓምፖቹ አልተነሱም።

መድኃኒቱ አሲዱን ይቀንሳል እንጂ የሚመለሰውን አይከለክልም። በጨጓራና በጉሮሮ ቱቦ መሀል ያለው በር ላልቶ ከሆነ ምግብ የሞላው ሆድ ይዞ መተኛት በማንኛውም መጠን አይታከምም። ከራት እስከ መኝታ 3 ሰዓት ይሁን። የአልጋው ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከአልጋው እግር ሥር ጡብ ወይም እንጨት ይደረጋል። ትራስ መደራረብ ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን ያባብሳል። በግራ ጎን መተኛት ይረዳል። ሲጋራ በሩን ያላላል፣ ቁስለትም ካለ መዳኑን ያዘገያል፤ ቦርጭም እንዲሁ ይገፋል። ዳጣና ሚጥሚጣ ቁስለት አይፈጥሩም፣ ያለውን ግን ያነዳሉ፤ በራስ ላይ አይቶ መቀነስ ነው እንጂ ለሁሉም ሰው የተከለከለ ዝርዝር ማውጣት አያስፈልግም። ወተት ለደቂቃዎች ያበርዳል፣ ከዚያ ራሱ አሲድ ያስረጫል። ተልባ የሚወድ ይጠጣ፣ ግን ልጋጉ መድኃኒትን ሊይዝ ስለሚችል በሁለት ሰዓት ይራራቅ።

ሲቆም የሚብሰው ደግሞ ሕመሙ ተመልሶ ላይሆን ይችላል። አሲድ ለረጅም ጊዜ ሲታፈን ሰውነት ጋስትሪን የሚባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ መድኃኒቱ ሲነሳ ያ ሁሉ ተከማችቶ የቆየ ግፊት አሲድ ያጎርፋል። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጨጓራቸውን ምንም የማያማቸው ሰዎች የኦሜፕራዞልን ቤተሰብ መድኃኒት 8 ሳምንት ወስደው ሲያቆሙ ብዙዎቹ ቃር ጀምሯቸዋል። ስለዚህ ለወራት የቆየ ሰው በአንድ ቀን አይቁም፦ 40 ከሆነ ወደ 20፣ ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል ቀን እየዘለሉ፣ በባዶው ቀን ካስፈለገ አንታሲድ ወይም ፋሞቲዲን (ሌላ ዓይነት አሲድ መቀነሻ)። ራኒቲዲን የለመዳችሁ ደግሞ አትፈልጉት፤ ኤንዲኤምኤ የሚባል ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችል ብክለት ስለተገኘበት በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ አስወጥቶታል። የጉሮሮ ቱቦው በኢንዶስኮፒ ክፉኛ ተቆስሎ የታየ፣ ወይም ባሬት የሚባለው ለውጥ ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያዝ አይቀንስ። ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ሳያስበው የሚከሳ፣ ደም ያነሰው ሰው መድኃኒት ከመቀያየር በፊት ኢንዶስኮፒ ይታይ።

ለዓመታት የሚወስድ ሰው ቢ12 እና ማግኒዥየም አልፎ አልፎ ይለካ። የደም ማነስ ክኒን (ብረት) አሲድ ስለሚፈልግ ከኦሜፕራዞል ጋር በደንብ አይገባም፤ የታይሮይድ መድኃኒትም መጠኑ እንደገና መታየት ሊኖርበት ይችላል። ክሎፒዶግሬል የሚወስድ የልብ ታካሚ ኦሜፕራዞልንና ኢሶሜፕራዞልን ይተው፤ ፓንቶፕራዞል ይሻለዋል። የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ከኦሜፕራዞል ጋር ችግር የለበትም፤ ከአንታሲድ ጋር ግን አለው፣ ከአንታሲዱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰድ። አታዛናቪር የሚባለው ሌላው የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ያለ ግን ሳይጠይቅ ኦሜፕራዞል አይንካ።


ሚሚ_ከአቶቴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ጋር ደወልኩ፤ አቶርቫስታቲኑ ለ14 ቀን ይቁም፣ ዲክሎፌናኩ ጨርሶ ይቅር፣ አንቲባዮቲኩ ከጾሙ በኋላ ይጀመር አለ። አዚትሮማይሲን አንድ ጊዜ መውሰዷን ስነግረው «ከ8 ሳምንት በኋላ ያለው ምርመራ ፖዘቲቭ ከሆነ መድኃኒቱን እንለውጣለን» ብሏል። አንድ የቀረችኝ፦ መድኃኒቱ ተገዝቷል፣ እስከ ነሐሴ 16 የት ይቀመጥ?


ፋርማሲ_ቤት

በእሽጉ ውስጥ፣ ደረቅና ጥላ ባለበት ቁም ሳጥን። ኦሜፕራዞል እርጥበትና ሙቀት ይጠላል፤ ኩሽና ውስጥ፣ መስኮት ላይ፣ ባጃጅና መኪና ውስጥ አይሁን። ከስትሪፑ አስቀድሞ እያወጡ ሌላ ብልቃጥ ውስጥ ማጠራቀምም አይሆንም። የተቆረጠ ስትሪፕ ከተሰጣችሁ የማብቂያ ቀኑ ያለበት ቁራጭ አብሮ መሆኑን እዩ። ከፍታችሁ ስታዩ ፍሬዎቹ ተጣብቀው ወይም ጠቁረው ከተገኙ አትውሰዱት፤ ደረሰኙን ይዛችሁ መልሱት።

ሐኪሙ ምርመራው ፖዘቲቭ ከሆነ እለውጣለሁ ማለቱ ልክ ነው። ክላሪትሮማይሲን አንዴ ካልሠራ ሁለተኛ አይደገምም።


የማታ_ተረኛ

ሚሚ፣ እስከዚያ ባለው ጊዜ ጉልበታቸው ሲያማቸው ከጎረቤት «የምታስታግስ» ክኒን እንዳይቀበሉ ንገሪያቸው። ብዙ ጊዜ ስሟ ሌላ ሆና ውስጧ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ናት።